ውጤትም ይግባኝ አለው

የሕግ ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ መምህር የፈተና ወረቀቴን ሲመልስልኝ ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ቁጥር ጽፎበት ነበር፤ ከቁጥሩ ሌላ አንዲት ቃል የለበትም። ገጽ በገጽ ተከራክሬ፣ አንቀጽ ጠቅሼ፣ እጄ እስኪዝል የጻፍኩትን ሰውዬው በሁለት አኃዝ ዘጋው። ቢሮው ድረስ ሄጄ «ምን ጎደለኝ?» ብለው «ነጥብ» አለኝና በራሱ ቀልድ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ዳኛ ምክንያቱን ሳይጽፍ ቢፈርድ ፍርዱ ይሻርበታል፤ መምህር ምክንያቱን ሳይጽፍ ቢፈርድ ግን «ኃይለኛ ፈታኝ ነው» ተብሎ ይከበራል። ነገሩ ያን ጊዜም አንገበገበኝ፣ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ተመርቄ ጂንካ፣ አውራጃ ፍርድ ቤት ስመደብ ዘመኑ የደርግ ነው። አብረውኝ የተማሩት ለቅሶ ሊደርሱኝ ምንም አልቀራቸውም። «ጂንካ? ምን አጥፍተሽ?» ይሉኛል። ምንም አላጠፋሁም፤ ለማጥፋት ገና ነበርኩ። በሁለተኛው ዓመት ከክፍለ ሀገሩ ትእዛዝ መጣ፤ የገበሬ ማኅበራትና የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ዳኞች የሕግ ኮርስ እንዲሰጣቸው፣ አስተማሪዋም እኔ እንድሆን። ሸንጎ ያኔ ከየመንደሩ ሕዝብ የተመረጡ ሰዎች ተቀምጠው ትንንሹን ክስና ጠብ የሚያዩበት ችሎት ነው። ዳኞቹ ገበሬዎች፣ ከብት አርቢዎች፣ አናጺዎችና ቸርቻሪዎች ናቸው እንጂ የሕግ መጽሐፍ ገልጠው አያውቁም።

ተማሪዎቼ ከጂንካ ዙሪያ፣ ከአልዱባ፣ ከዲመካ መጡ፤ አንዱ ከኦሞራቴ ድረስ። አብዛኞቹ አማርኛ የተማሩት በገበያና በቢሮ ደጃፍ ነው፤ ቤታቸው ሌላ ቋንቋ አላቸው። ክርክር ላይ ግን ማንም እንዳይንቃቸው! እኔ በአፍ መፍቻዬ የምደናቀፍበትን ነገር እነሱ በተውሶ ቋንቋ ይወጡታል። ብዙዎቹ ጸሎት ቤታቸው የተዘጋባቸው አማኞች ስለነበሩ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ዓይናቸውን ለአፍታ ጨፈን ያደርጋሉ። እኔም ጥቁር ሰሌዳውን እያጠፋሁ እንዳላየሁ እሆናለሁ።

ከመካከላቸው ሴት አንዲት ብቻ ነበረች። ከጂንካ በላይ ካለ የአሪ መንደር የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ በእንሰቷ የምትኖር፣ ድምፅዋ አዳራሽ የሚሞላ ሴትዮ። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ስትጽፍ ወረቀቱን የምትኮተኩት ትመስላለች። ሸንጎ የገባችው «ሴት ይኑርበት» ተብሎ ነበር፤ አንዴ ከተቀመጠች በኋላ ግን ማን ያስነሳት! የማኅበሯ ሊቀመንበር ወንበሯን ለአጎቱ ልጅ አስቦለታል። ትእዛዙ ደግሞ ኮርሱን ያላለፈ ዳኛ ከሸንጎው ይነሣል ይላል። የአጎት ልጅየው ገበያ ላይ «እሷ እስክትወድቅ ነው የምጠብቀው» እያለ ያወራ ነበር። ወሬው ለእሷም ደርሷል፤ ለእኔም ደርሷል።

ትምህርቱን እንደ ችሎት አደረግኩት። አንድ ክስ አወራላቸዋለሁ፣ እነሱ ይፈርዳሉ፣ እኔ ደግሞ በእያንዳንዱ ፊት ቆሜ ምን እንዳገኘና ምን እንደሳተ፣ ለምንም እንደሳተ እነግረዋለሁ። ቁጥር የሚባል ነገር ከአፌ አልወጣም። መጀመሪያ ላይ በሰው ፊት መታረሙ ከብዷቸው ነበር። በኋላ ግን እርማቱን እንደ ሙግት ያዙት፤ እኔ አንድ ስል እነሱ ሁለት ይላሉ።

ሴትዮዋ አንድ የማትለቀው ነገር ነበራት። መንደር የሚበጠብጥ፣ ደጋግሞ የሚያጠፋ ሰው በሚመጣበት ክስ ሁሉ ፍርዷ አንድ ነው፦ «ከመንደር ይውጣ!»

«እትዬ፣ ሰው ከመንደሩ ማስወጣት የሸንጎ ሥልጣን አይደለም» እላታለሁ። «ቤትና መሬት መንቀል ትልቅ ቅጣት ነው። ትልቅ ቅጣት ትልቅ ችሎት ይፈልጋል፤ የሚቀጣውም ሰው በደንብ የሚከራከርበት ቦታ ይፈልጋል።»

«እንግዲያ ምን ልናረገው ነው? ልንስመው?»

አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ሲደበድበው እየተጯጯህን ስለምንከራከር በደጅ የሚያልፍ ሰው ጠብ የያዝን ይመስለው ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ ዓመት ከእሷ ጋር የተከራከርኩባቸውን ጠዋቶች ያህል ያስደሰተኝ ነገር የለም።

ኮርሱ ሲያልቅ ከክፍለ ሀገሩ አንድ አስተባባሪ በአውሮፕላን መጣ፤ የሚግጡት ከብቶች ከማረፊያ ሜዳው ተባርረውለት። የታሸገ ፖስታ ይዟል፤ ፈተናው እዚያ ውስጥ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በራሱ የሚተማመን ሰው ነበር፣ ያ ደግሞ ይብሳል። «የአስተማሪዋ መኖር ተማሪ ያደፋፍራል» ብሎ ከአዳራሹ አስወጣኝ። እኔም ደጅ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። በበሩ በኩል ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ አያለሁ፤ እሱ ደግሞ እንቅልፍ መስሎት በእስክሪብቶው ጠረጴዛ ይመታል።

እውነት ወይም ሐሰት የሚለውን ክፍል ሁሉም ለየብቻ በጸጥታ ሠሩት። የመጨረሻው ጥያቄ ግን ክስ ነበር። የአንዱ ላም የሌላውን እንሰት ገብታ በልታለች፤ የእንሰቱ ባለቤት ላሟን ደብድቦ እግሯን ሰብሯል፤ ሁለቱም ተካስሰዋል፤ ፍርድ ስጥ ይላል። መጀመሪያ የዲመካው ሰው በርጩማውን አንጠልጥሎ ወጣ። ቀጥሎ የአልዱባው። ከዚያ አንድም ሳይቀር ተከታትለው ወጡና ከአዳራሹ ፊት ካለው ዋርካ ሥር ክብ ሠርተው ተቀመጡ። አስተባባሪው ለሽንት የወጡ መስሎት አልከለከላቸውም። ሰው ግን ለሽንት በጅምላ፣ ያውም ወንበር ይዞ አይወጣም። ቆይቶ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ምንድን ነው የሚሠሩት?» አለኝ።

«እየፈረዱ ነው» አልኩት።

እነሱ እሱን ከመጤፍም አልቆጠሩትም። አንዱ ላሟን ወክሎ ይናገራል፣ ሌላው እንሰቱን፤ ሴትዮዋ ጣቷን እየቀሰረች ታቋርጣለች። ተከራክረው ሲጨርሱ ተመልሰው ገቡና እያንዳንዳቸው በየወረቀታቸው ያንኑ ፍርድ ጻፉ፤ ባለ ላሙ ለእንሰቱ ካሣ ይክፈል፣ ባለ እንሰቱ ለላሟ እግር ካሣ ይክፈል። አስተባባሪው ወረቀቶቹን ሰበሰበ፣ የመጀመሪያውን አነበበ፣ ሁለተኛውን አነበበ፣ ሦስተኛውን አላነበበም። «ኩረጃ!» አለ። «ያውም በቀን ብርሃን፣ በፈታኝ ፊት!» ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ማስፈር ጀመረ። የሴትዮዋ ወረቀት ላይ ሲደርስ ወንበሯ ከሥሯ ሲሳብ ታየኝ።

ተነሥቼ ገባሁና የዲመካውን ሰው ጠርቼ ለምን እንደወጡ እንዲያስረዳ አደረግኩ። እሱም ፈታኙ ሕፃን የሆነ ይመስል ቀስ ብሎ አስረዳው። «እኛ ዘንድ ለብቻው ቁጭ ብሎ የፈረደ ሰው፣ አንድ ነገር በልቷል ይባላል። ወረቀቱ ፍረድ አለን። ለመፍረድ ወጣን። ያኛውን፣ እውነት ወይም ሐሰት የሚለውን፣ ፍረድ አላለንም፤ ለብቻ ሠራነው።»

አስተባባሪው ወደ እኔ ዞረ። «ይሄ ነው ያስተማርሻቸው?»

ደሜ ፈላ። «አዋጁ ነው ያስተማራቸው» አልኩት። «እርስዎና እኔ እንድናስተምር የተላክንበት አዋጅ፣ ሸንጎ ዳኞቹ ተሟልተው ካልተቀመጡ ፍርድ መስጠት አይችልም ይላል። ብቻውን የፈረደ የሸንጎ ዳኛ ፍርዱ ዋጋ የለውም። እርስዎ ሕጉ የሚከለክለውን አድርጉ ብለው ፈተኗቸው፣ ሕጉ እንደሚለው ሲያደርጉ ዜሮ ሰጧቸው። እስቲ የትኛው ነው የወደቀው?»

«ፈተና ፈተና ነው፣ ጓድ። እንኪ እስክሪብቶ፤ ውጤቱ ላይ ፈርሚ።»

«አልፈርምም።»

በዚያ ዘመን «አልፈርምም» ማለት ቀልድ አልነበረም። ከዚህ ያነሰ ቃል ያስጠየቃቸውን ሰዎች አውቃለሁ። ሰውዬውም ለበላይ አካል ሪፖርት እንደሚያደርግ፣ ሥርዓት ማፍረስ ምን ተብሎ እንደሚተረጎም በለሰለሰ ድምፅ ነገረኝ። ፈራሁ። ግን ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ጠልቼው ነው ያደግኩት። ዝምታ ይነቅዛል፣ ያውም ከውስጥ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩለት።

ይህን ሁሉ ጊዜ ሴትዮዋ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። ወደ ፊት መጣችና ሰውዬውን «አንተ» አለችው፤ በእሷ አማርኛ እርስዎ የሚባል ነገር አልነበረም። «ፈረድክብን። እሺ። ይግባኝ እንላለን።»

«ፈተና ይግባኝ የለውም» አላት።

«ማን አለ?»

ሰውዬው እኔ መክሬ ያናገርኳት ይመስል ወደ እኔ ተመለከተ። «የሰው ወንበር የሚያስነሣ ውሳኔ ሁሉ ይግባኝ አለው» አልኩ። «ይህ ውሳኔ ወንበር ያስነሣል። ስለዚህ ይግባኝ አለው።» እንዲህ የሚል አንቀጽ የትም አልተጻፈም፤ ግን መጻፍ ነበረበት።

ሰውዬው በማግሥቱ ተነሥቶ ቢሄድ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አልሄደም። የበልጉ ዝናብ የአውሮፕላን ሜዳውን ጭቃ አደረገው፣ መንገዱም ተቆረጠ፤ ጂንካ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ሻይ ቤት ሲገባ ተማሪዎቼ ይነሡለታል፣ ወንበር ይለቁለታል፣ «ይግባኛችን ምን ደረሰ?» ይሉታል። ገበያ ሲወጣ ይከተሉታል፣ በጨዋ ደንብ ሰላም ይሉታል፣ «ይግባኛችንስ?» ይሉታል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፤ እነዚህ ደግሞ ሁለት አልነበሩም። በመጨረሻ አዳራሹ ድረስ ራሱ መጣ።

«በቃል ልፈትናቸው» አለኝ። «ግን አንድ በአንድ። እያንዳንዱ ምን እንደሚያውቅ ማወቅ አለብኝ፤ በሰው ጀርባ ተደብቆ የሚያልፍ አልፈልግም።»

ይህኛው ነገሩ እውነት ነበረው፤ እውነቱን አልነፈግኩትም። ክብ ውስጥ መደበቅ ይቻላል። ከከተማው ቀበሌ የመጣ አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ኮርሱን በሙሉ ራሱን ከላይ ወደ ታች እያወዛወዘ የጨረሰ። ሰው ሁሉ ያለውን ይላል። እሱን በምን እንደምለየው እኔም ሳስብበት ነበር።

«አንድ በአንድ ይሁን» አልኩት። «ግን ማንም ለብቻው አይፈርድም። ተፈታኙ ሰብሳቢ ይሆናል፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። እኛ የምናዳምጠው ሰብሳቢውን ነው። ተከራካሪዎቹን ሰማ ወይ? ጓደኞቹን አዳመጠ ወይ? ሲስማማ ለምን፣ ሲለይ ለምን? ውጤቱንም፣ ከፍተኛ፣ መካከለኛ ወይም ወድቋል ብለን፣ ከምክንያቱ ጋር ፊት ለፊቱ እንነግረዋለን።»

«ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።»

«የት ሊሄዱ ነው?» አልኩት። ዝናቡ በጣራው ላይ መለሰልን።

አስተባባሪው ያንኑ የላምና የእንሰት ክስ ወሰደና አንድ ነገር ጨመረበት፤ ባለ ላሙ ከዚህ በፊትም በተደጋጋሚ ተመክሮ ያልሰማ ሰው ነው። ሁለት ተማሪዎች ባለ ላምና ባለ እንሰት ሆነው ቆሙ። ከቀበሌ የመጣው ሰውዬ ሰብሳቢ ሆኖ ሲቀመጥ ወደ ግራው አየ፣ ወደ ቀኙ አየ፣ ከዚያ «እነሱ እንዳሉት» አለ። እነሱ ገና ምንም አላሉም። አልፏል የሚል ቃል ከእኔ አላገኘም፤ ምክንያቱ ሲነገረውም ራሱን ከላይ ወደ ታች አወዛወዘ።

ከሰዓት በኋላ ተራው የሴትዮዋ ሆነ። በቀኟ የዲመካው፣ በግራዋ የአልዱባው ሰው ተቀመጡ። አዳራሹ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ የሊቀመንበሩ የአጎት ልጅ ከፊት ቆሟል። ውድቀቷን ሊያይ እንጂ ሌላ ጉዳይ አልነበረውም።

ባለ ላሙን ሰማች። ባለ እንሰቱን ሰማች። ባለ እንሰቱ ሲያለቃቅስ «አጭር አድርግ፣ እንሰት ነው የተበላብህ እንጂ ልጅ አይደለም» አለችው። ከዚያ ወደ ቀኟ ዞረች። የዲመካው ሰው ካሣው እንዳለ ሆኖ ባለ ላሙ ደጋግሞ ስላጠፋ ከመንደር ይውጣ አለ። ወደ ግራዋ ዞረች። የአልዱባውም ይውጣ አለ። ኮርሱን ሙሉ አንድ ቀን ሳታስታጉል የጮኸችበትን ፍርድ ሁለት ወንዶች በእጇ አስቀመጡላት።

አንዴ ባለ ላሙን፣ አንዴ ግራና ቀኟ የተቀመጡትን አየች።

«እኔም ልቤ ይውጣ ነው የሚለው» አለች በመጨረሻ። «ይኼ ሰው የመንደሬ ቢሆን እኔ ራሴ እሸኘው ነበር። ግን ይኼ የእኛ አይደለም። ካሣውን እንፍረድ። ማስወጣቱን ትልቁ ፍርድ ቤት ይየው። እኔ በማስወጣቱ የለሁበትም።»

«እኛ ሁለት ነን» አለ የዲመካው።

«ሁለት ሁኑ! እኔ የለሁበትም ብያለሁ።»

አስተባባሪው እስክሪብቶውን አነሣ። «ችሎቷን መምራት አቃታት። ሁለቱ በለጧት፤ የተሳሳተ ፍርድ ወጣ። ወድቃለች።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። «የተሳሳቱት ሁለቱ ናቸው። እሷ ሁለት ሰው ተጭኗት፣ ልቧም ከእነሱ ጋር እያለ፣ ሥልጣኗ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ቆመች። እርስዎ በሰው ጀርባ የሚደበቅ አልፈልግም አላሉም? ይኸው ያልተደበቀች። አልፋለች። ይህን ካልተቀበሉ ይህንንም ለበላይ አካል ይጻፉት፣ እኔም እጽፋለሁ።»

ሰውዬው ዝናቡን አየ፣ በሩ ላይ የቆመውን ሕዝብ አየ፣ እኔን አየ። «ትለፍ» አለ። የአጎት ልጅየው ባርኔጣውን ደፍቶ ከበሩ ወጣ።

እኔ ግን አልጨረስኩም ነበር። ውጤት በምክንያት ብያለሁ፣ ለምወደው ሰው ስል አላጥፈውም። «እትዬ» አልኳት፣ «ማስወጣት የሸንጎ ያልሆነው ለምንድን ነው?»

«አንቺ አይደለም ስላልሽ ነዋ!»

አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። «አልፈሻል፤ ውጤትሽ ግን መካከለኛ ነው። ፍርድሽ ትክክል ነው፣ ምክንያትሽ ግን የአንቺ አይደለም። ዳኛ መምህሬ አለችኝ ብሎ አይፈርድም። ነገ ሌላ ሰው፣ ያውም ጉልበተኛ፣ ሌላ ነገር ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

ፊቷ ተቀየረ። ወንበሯ እንደተረፈላት ያወቀች ሴት ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ተቆጣች። «የኦሞራቴው ከፍተኛ አገኘ። ያልኩት ልክ ነው አልሽ። ልክ ከሆነ መካከለኛ የሚሉት ምንድን ነው?»

እንደገና ነገርኳት። ሰማችኝ፣ እስከ መጨረሻው፣ ሳታቋርጥ፤ ይህም ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ከዚያ እጆቿን አጣምራ «ምክንያትሽን ሰማሁ። አልተስማማሁም። ይጻፍልኝ» አለች።

«ምኑ ነው የሚጻፈው?» አለ አስተባባሪው።

«አለመስማማቷ» አልኩት። «በፍርድ ያልተስማማ ዳኛ ሐሳቡ ተለይቶ ይጻፍለታል። አስተምሬያቸዋለሁ።»

ወረቀቱን ሰጠኋት። ከፊርማዬ በታች፣ እስክሪብቶውን እንደ መኮትኮቻ ጨብጣ፣ ፊደል በፊደል እየተጫነች «አልተስማማሁም» ብላ ጻፈች፤ ወረቀቱ በጀርባው እስኪያብጥ። አስተባባሪው ለክፍለ ሀገሩ የሚሄድ ሰነድ እንዲህ ተሞነጫጭሮ እንደማይላክ፣ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ እንድሰጠው አዘዘኝ። አልገለብጥም አልኩት። ያን ጊዜ ደክሞት ነበር መሰለኝ፣ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

በሚቀጥለው ዓመት ኮርሱን ሌላ ሰው አስተማረ፤ እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። ይቅርታ ጠይቂ ያሉኝ ነበሩ። አልጠየቅኩም፤ ዛሬም አልጠይቅም። ሴትዮዋ በሳምንቱ ሸንጎዋ ላይ፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ለገበያ ጂንካ ስትወርድ በፍርድ ቤቱ ደጅ ታልፋለች፣ በመስኮቱ ታየኛለች፤ ያ ክረምት እስኪያልፍ ድረስ ግን ሰላም አላለችኝም።